የደሴ ጠዋትና የመኪና መስታወት፦ ስለ ውርጭ፣ ጤዛና ጉም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቅምት ከተጋመሰ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ስልኬ አያርፍም። "መስታወቱ ነጭ ሆኖ አደረ፤ ምን ላድርግ?" የሚል ነው ሁሉም። ደዋዩ ብዙ ጊዜ ከቆላ ገና ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው፤ አለዚያም ባለፈው ክረምት መኪና የገዛ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ደሴ አድሬ ኮምቦልቻ የምሠራ፣ በሁለቱ መሐል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በየቀኑ የምወርድና የምወጣ ሰው ነኝ። በዚህ ነገር ያልሠራሁት ስህተት የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ገንዘብ አስወጥቶኛል፤ እሱን ከታች አወራዋለሁ።

ደሴ ውስጥ በእውነት መስታወት ላይ ውርጭ ይሠራል? ወይስ ጤዛ ነው?

ይሠራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ባደረ ሌሊት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የመኪናው ጣሪያና የፊት መስታወቱ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይገኛል። ገበሬው አመዳይ የሚለው ይኸው ነው። ባቄላ ላይ ሲወርድ ያቃጥላል፤ መኪና ላይ ሲወርድ ያስረፍዳል።

"በረዶ ሠራ" ብለው ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ ግን ያዩት ጤዛ ነው፤ ወይም መስታወቱ ከውስጥ አልቦት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከውጭ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ጣታችሁ ከራሰ ጤዛ ነው፤ ዝናብ መጥረጊያውን ሁለት ጊዜ አሠሩትና ሂዱ። ጥፍራችሁ ሥር ነጭ ፍርፋሪ ከገባ ውርጭ ነው። ብትጭሩት ብትጭሩት ምንም ካልተለወጠ ነገሩ ያለው ከውስጥ በኩል ነው። የሦስቱም መድኃኒት ይለያያል። እኔ ሦስተኛው መሆኑ ሳይገባኝ ከውጭ ሩብ ሰዓት ሙሉ የፋቅሁበት ጠዋት አለ። ጎረቤቴ በመስኮት እያየች ምንም አላለችኝም። ማታ ቡና ላይ ግን ለሰፈሩ ሁሉ አወራችው።

ስልኬ 4 ዲግሪ ይላል። ውሃ የሚረጋው በ0 አይደል እንዴ?

ልክ ናችሁ። ስልካችሁም ልክ ነው። ስልኩ የሚነግራችሁ የአየሩን ሙቀት ነው፤ እሱም ከመሬት ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ያለውን አየር። የመስታወቱ ሙቀት ሌላ ነው። መስታወትና ላሜራ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ሲለቁ ያድራሉ። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ከፊሉን ይመልስላቸዋል። ሰማዩ ጥርት ካለ የሚመልስላቸው የለም። አየሩ 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ እያለ መስታወቱ ከ0 በታች ይወርዳል። ከዚያ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት መስታወቱን ሲነካ እዚያው ረግቶ ይለጠፋል።

ይህን ከያዛችሁ ብዙ ነገር ይፈታላችኋል። የጎኑ መስታወት ደህና ሆኖ የፊቱ ብቻ የሚነጣው፣ የፊቱ ጋደም ብሎ ሰማዩን ስለሚያይ ነው። ዛፍ ሥር ያደረች መኪና ደረቅ ሆና ገላጣ ቦታ ላይ ያደረችው የምትነጣውም ለዚሁ ነው። ነፋስ ያለበት ሌሊት ደግሞ ይሻላል፤ ነፋሱ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር እያወረደ ስለሚቀላቅለው መስታወቱ ብቻውን አይቀዘቅዝም።

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ስለዚህ ጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ካደረ መኪና ይልቅ እንደ ቦሩ ሜዳ ባለ ሜዳ ላይ ያደረው ሊብስበት ይችላል። ወደ ወረኢሉ መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ካደራችሁማ ሌላ ዓለም ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ለመነሻ ሰዓታችሁ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት።

ፈላ ውሃ ብደፋበት ቶሎ አይለቅም?

ይለቃል። መስታወቱም አብሮ ሊለቅ ይችላል።

የዛሬ ስድስት ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። ሥራ ረፍዶብኛል። ባለቤቴ ለቡና የጣደችው ውሃ እየተንተከተከ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ወጣሁና ከላይ ወደ ታች ለቀቅሁበት። ውርጩ በአንድ ጊዜ ጠፋ። እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። መስታወቱ ላይ በቀኝ በኩል ወደ ታች፣ ከሲኖትራክ ጎማ ተፈናጥራ የመጣች ጠጠር የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ትታ ነበር። ስንጥቁ ከእሷ ተነሣና እየተጠማዘዘ እስከ መሐል ድረስ ሄደ። ማንቆርቆሪያ ይዤ ቆሜ እያየሁት ነው የሄደው። ባለቤቴ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው መስታወቱን አይደለም። "የቡናውን ውሃ?" ነው ያለችኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሙቅ ውሃ የነካው የመስታወቱ ገጽ ወዲያው መለጠጥ ይፈልጋል። ሌላው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ካለበት አይነቃነቅም። እንዲህ ሲጓተቱ ደካማው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፤ ጠጠር የነካው መስታወት ደግሞ ደካማ ቦታው ተዘጋጅቶለታል። የፊት መስታወት መሐሉ ላይ ፕላስቲክ ገብቶ የተጣበቀ ሁለት መስታወት ስለሆነ ተሰንጥቆም ይቆማል። የጎኑና የኋላው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወጥ ስለሆነ ከተሰበረ እንደ ጨው ነው የሚረግፈው።

ለብ ያለ ውሃስ? መስታወቱን ላይሰብር ይችላል። ግን ሳይጠረግ የቀረው ውሃ መልሶ ይረጋል፤ ያውም ዝናብ መጥረጊያው ጎማ ሥር ገብቶ። የመጀመሪያው ውርጭ ዱቄት ነበር፤ ይኼኛው ብርጭቆ ነው። የታክሲ ልጆች ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሲያፈሱ ታያላችሁ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ውርጩ ስስ ከሆነ፣ ወዲያውም በጨርቅ ከጠረጋችሁት ያስኬዳል። ከዚያ በፊት አልመክርም።

ታዲያ ጠዋት ከምን ልጀምር?

ሞተር አስነሡ። አየሩን ወደ ፊት መስታወቱ አዙሩት፤ መስታወትና ወደ ላይ የሚወጡ ጠማማ ቀስቶች የተሳሉበት ቁልፍ ነው። ሙቀቱን መጀመሪያ መሐል ላይ አድርጉትና ሞተሩ ሲሞቅ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከዚያ ወርዳችሁ መፋቅ ነው።

ሞተሩ እስኪሞቅ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነዳጅ ማቃጠል ነው፤ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ለመሞቅ ጊዜ ይፈጃል። የደሴ ውርጭ ደግሞ ስስ ነው። በቴሌቪዥን እንደምናየው የፈረንጅ አገር በረዶ በአካፋ የሚዛቅ አይደለም። እጃችሁ ከሂተሩ ይቀድማል፤ አራት አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። የፊቱን ስትጨርሱ የጎን መስታወቶችንና ስፖኪዮዎቹን አትርሱ። መብራቶቹንም በጨርቅ ዳሰስ አድርጓቸው።

መኪናውን አስነሥቶ፣ ቁልፉን ትቶ፣ ቁርስ ለመጨረስ ወደ ቤት መግባት አይገባም። ምክንያቱን የምነግራችሁ አይመስለኝም።

በምን ልፋቀው?

በፕላስቲክ። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ጥሩ ነው። የምትሠሩበትን ኤቲኤም ካርድ ግን አትንኩት፤ ፕላስቲክ በብርድ ይደርቃል፣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከዚያ ባንክ ወረፋ ላይ ናችሁ። እኔ የምጠቀመው ከፕላስቲክ ባልዲ ክዳን የቆረጥኩትን መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ነው። አንዱን ጠርዝ ሞርጄ ቀጥ አድርጌዋለሁ። አምስተኛ ዓመቱ ነው።

አያያዙም ቁም ነገር አለው። ጋደም አድርጋችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ግፉት። ክብ እየሠራችሁ አታሽከርክሩት። ቢላ፣ ማንኪያ፣ የብረት ማስመሪያ አይሆንም። ጭረቱ ጠዋት አይታያችሁም፤ ማታ ሐረጎ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት ሲለቅባችሁ ነው የምታዩት። መብራቱ በእያንዳንዱ ጭረት ላይ ተበትኖ መንገዱን ይሰውርባችኋል።

ሌላው ነገር አቧራው ነው። በጋ ላይ ከተማው አቧራ ነው። ከውርጩ ሥር አቧራ ካለ የምትፍቁት በብርጭቆ ወረቀት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ማታ ስታቆሙ መስታወቱን በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ አራግፉት። በውሃ ካጠባችሁት ግን እርጥብ እንዳያድር፤ ያ ውርጭን ግባ ብሎ መጋበዝ ነው።

አረቄ ያቀልጠዋል የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። አልኮል የሚረጋው ከውሃ በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ ንጹሑ ከ0 በታች እስከ 114 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ውሃውም በ0 እንዳይረጋ ያደርገዋል። አረቄም ያው ነው። ግን መኪናው ቀኑን ሙሉ አረቄ አረቄ ይሸታል። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ "የጠጣው መስታወቱ ነው" ብላችሁ አስረዱ እንግዲህ።

የሚሻለው የፋርማሲ አልኮል ነው። 70 በመቶ የሚለው ውሃ ተቀላቅሎበት የመጣ ስለሆነ እንዳለ በመርጫ ጠርሙስ አድርጋችሁ መርጨት ነው። ወፍራም ከሆነው ደግሞ ሁለት እጅ አልኮል፣ አንድ እጅ ውሃ። ረጭታችሁ አንድ ደቂቃ ታገሡትና በፕላስቲኩ ጠረግ። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር ያላችሁም አላችሁ። እንደ ውሃ የሚፈሰው ይሆናል። የሚያጣብቀው ጄል አይሆንም፤ መስታወቱ ላይ ቅባት ትቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አልኮል እሳት ይይዛል፤ ሲጋራ አፋችሁ ላይ ይዛችሁ አትርጩ፣ መኪናው ውስጥም ፀሐይ ላይ አትተዉት።

አቼቶ ማታ ቀብቶ ማሳደር የሚሉም አሉ። ሞክሬዋለሁ። ጠዋት ውርጩም ነበረ፣ ሽታውም ነበረ።

ጨውስ?

ያቀልጣል። ላሜራውንም ይበላል። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ መኪና ካሮሳው ሥሩ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አይጠይቀኝም።

ማታ ምን ላልብሰው?

ማዳበሪያ። ከዚህ የተሻለ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ሁለት ባዶ የስንዴ ማዳበሪያ በጎናቸው ተርትራችሁ አንድ ላይ ስፏቸው። የፊት መስታወቱን አልብሳችሁ ግራና ቀኝ ጫፉን በጋቢና በሮቹ መሐል አስገቡና በሮቹን ዝጉ። ታችኛውን ጠርዝ ዝናብ መጥረጊያዎቹ ይይዙታል። ጠዋት አንዱን በር ከፍታችሁ ስባችሁ ስታነሡት ውርጩ ማዳበሪያው ላይ ይቀራል። አራግፉትና ኋላ ወርውሩት። ጫፉ በር ውስጥ ስለሚያድር ሌባም በቀላሉ አይወስደው። ማዳበሪያ የሚሰርቅ አለ ወይ ካላችሁኝ፣ አለ።

ካርቶን ከሆነ ጤዛ ይጠጣና ጠዋት ገንፎ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጋቢና ብርድ ልብስ የባሰ ነው፤ ይርሳል፣ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ይረጋል፤ ቤትም ጠብ ያስነሣል። ለፀሐይ መከላከያ ተብሎ ከውስጥ የሚለጠፈው ብርማ ነገር የውጭውን ውርጭ አይከላከልም። ሰማዩን የሚያየው የውጭው ገጽ ነው፤ የሚለብሰውም እሱ ነው።

አቋቋምም ይረዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆነ ምንም አያስፈልጋችሁም። ዛፍ ሥርም ደህና ነው፤ የወፎቹን ነገር ግን እናንተ ታውቃላችሁ። ሁለቱም ከሌለ የመኪናውን ፊት ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ አቁሙት። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሥራ የምትገቡት 2 ሰዓት ከሆነ ግማሹን ሥራ እሷ ትሠራላችኋለች።

ዝናብ መጥረጊያው ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ።

አታብሩት! የመጥረጊያው ሞተር ሲታገል ፊውዙ ይቃጠላል፤ ካልተቃጠለም ጎማው ይቀደዳል። አልኮሉን ጎማው ሥር ረጭ አድርጋችሁ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ማታ ስታቆሙም ማብሪያው መጥፋቱን እዩ። ዝናብ ላይ እየሠራ እያለ ሞተር አጥፍታችሁ ከወረዳችሁ ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩ ራሱ ይነሣና ይታገላል። ማታ ቀና አድርጎ ማሳደርም ይቻላል፤ በራችሁ ላይ የሚጫወቱ ልጆች ከሌሉ ነው ታዲያ።

መስታወት ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ምን ልጨምር?

ውርጭ ያለበት መስታወት ላይ ባዶ ውሃ ብትረጩ ዓይናችሁ እያየ ይረጋል። በበጋው ወራት ከፋርማሲ አልኮሉ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት፤ ለደሴ ይበቃል። ኦሞ የሚጨምሩ አሉ፤ አረፋው ቀዳዳውን ይደፍነዋል። የራዲያተር ኩላንት የሚጨምሩም አጋጥመውኛል። እሱ መስታወቱን ቅባት ያስመስለዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅም ውሻም ይልሰዋል።

ከውስጥ ነው የሚያልበው። ብጠርገው ብጠርገው ይመለሳል።

ይሄ ከውርጩ ይልቅ ብዙ ሰው ያስቸግራል፤ ሚኒባስ የሚነዱ ሰዎች ደግሞ ያውቁታል። 12 ሰው ተሳፍሮ 12ቱም ይተነፍሳል። ነጠላው እርጥብ ነው፣ ጫማው ጭቃ ነው፣ ኋላ ውሃ የያዘ ጀሪካን አለ። እርጥበቱ መሄጃ ሲያጣ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ያርፋል። ማታ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ የሚብሰው፣ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ስለምትወጡ ነው። ውጭው አራት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ መስታወቱም አብሮት። ሐረጎ ላይ ጉሙ ከውጭ ሲጨመር ደግሞ የቱ የጉሙ፣ የቱ የመስታወቱ እንደሆነ አይለይም።

ረዳቱ በክንዱ ይጠርገዋል። ለሃያ ሰከንድ ይታያል፣ ከዚያ የክንዱ ቅባት ያለበት ላብ ይመለሳል። መጥረግ ሳይሆን ማድረቅ ነው የሚያስፈልገው። ኤሲ ካለ አብሩት፣ ሙቀቱንም አብራችሁ ጨምሩ። "በብርድ ኤሲ?" ትሉኛላችሁ። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ እርጥበቱን ያራግፈዋል፤ በበጋ መኪና ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ያ ነው። ከዚያ ሂተሩ ደረቁን አየር አሙቆ መስታወቱ ላይ ይነፋዋል። ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

አንድ ቁልፍ ደግሞ አለች፤ መኪና ተስላ ውስጧ ቀስት የሚዞርባት። እሷ ከበራች መኪናው የራሳችሁን ትንፋሽ መልሶ መልሶ ነው የሚያዞርላችሁ። ከሲኖትራክ ጭስ ለማምለጥ ታበሯታላችሁ፣ ከዚያ ትረሷታላችሁ። አጥፏት።

ኤሲ የሌለው አሮጌ መኪና ከሆነ ግራና ቀኝ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቱ። እዚህ ላይ ነው ፖለቲካው። ሁለት ጣት ገና ሳይከፈት ከኋላ "ነፋስ ገባ፣ ዝጋው!" የሚል ይነሣል። አንድ ሾፌር ያደረገውን ልንገራችሁ። ሐረጎ መሐል ላይ ጥግ ይዞ አቆመና "እሺ እዘጋለሁ፤ እናንተ መንገዱ ሲታያችሁ ንገሩኝ" አለ። እስከ ደሴ ማንም አልተነፈሰም። እንዲያውም ቢተነፍሱ ኖሮ ይብስ ነበር።

ሰው ሳይኖር አድሮም የሚያልብ ከሆነ ምንጣፉን አንሡና በእጃችሁ ዳሱት። እርጥብ ከሆነ የበር ጎማ ያስገባል ማለት ነው። ላቡ የሚያጣብቅና ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ከሆነ፣ የራዲያተር ውሃም እየቀነሰ ከሆነ፣ የሂተሩ ራዲያተር ያፈስሳልና መካኒክ ዘንድ ውሰዱት። አለበለዚያ መስታወቱን ከውስጥ በደንብ አጥባችሁ፣ ደረቅ ሳሙና በስሱ ቀብታችሁ፣ ጠርቶ እስኪታይ በጨርቅ እሹት። ጠብታ እንዳይቋጥር ያደርገዋል። ሳምንት አይሞላውም፤ ግን ነጻ ነው።

ኮምቦልቻ ስንደርስ መስታወቱ ድንገት ነጣ። እዚያም ውርጭ አለ?

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ውርጭ ብርቅ ነው። ያያችሁት ጤዛ ነው፣ ያውም ከውጭ በኩል። ደሴ ሌሊቱን የቀዘቀዘ መስታወት ይዛችሁ ሞቅና እርጠብ ወዳለው የቦርከና ወንዝ አካባቢ አየር ስትገቡ፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ እንደሚያልበው ማለት ነው። ከውስጥ ብትጠርጉ ምንም አይለወጥም። ዝናብ መጥረጊያውን አንዴ አሠሩት፣ ከውስጥ ሞቅ ያለ አየር ንፉበት። ቀዝቃዛ ኤሲ መስታወቱ ላይ ከለቀቃችሁበት ይብስበታል።

የኋላ መስታወት ላይ ያሉት ቡናማ መስመሮች ምንድን ናቸው?

ማሞቂያ ሽቦ ናቸው። ሞተር አስነሥታችሁ ቁልፉን ብትጫኑ በጥቂት ደቂቃ ውርጩ መስመር መስመር እየሠራ ይለቃል። ሲለቅ አጥፉት፤ ባትሪ ይበላል። ከውስጥ በኩል በሚጭር ነገር እንዳትፍቁት፤ አንዱ መስመር ከተቆረጠ ያ መስመር አይሠራም። ብዙዎቻችን መስመሩ ላይ ስቲከር እንለጥፋለን፤ ስንቀይረው ሽቦውን ይዞት ይወጣል። የኔ ሁለት መስመር እንደዚያ ነው የሄደው።

ቸኩያለሁ። በአንዲት ቀዳዳ እያየሁ ብነዳስ?

ደሴ ወጣ እስክትሉ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ናት። ጥላ ካለበት ኩርባ ወጥታችሁ ፀሐዩ ግማሽ የተፋቀ መስታወት ላይ ሲያርፍ፣ መስታወቱ በሙሉ ነጭ መብራት ይሆናል። ፊት ያለው አህያ ይሁን አይሱዙ አይለይም። ጎን ደግሞ ገደል ነው። አምስት ደቂቃ አርፍዱ፤ አለቃችሁን እኔ አናግርላችኋለሁ።

ባጃጅ ነው የምነዳው። ሂተር የለኝ፣ ምን የለኝ።

አብሽር ወንድሜ፣ አንተ ነህ ሁሉንም የምትቀድመው። መስታወትህ ትንሽ ነው፤ አንድ ማዳበሪያ ይበቃዋል፤ ረስተኸው ካደረም አልኮል በጨርቅ ነክረህ ሁለቴ ስታልፈው ያልቃል። አንተን የሚያስቸግርህ ላቡ ነው። ለብርድ ብለህ ግራና ቀኝ መጋረጃ ስትዘጋ ትንፋሹ መውጫ ያጣል። የአንዱን ጎን ከላይ ትንሽ ክፈተው፣ ሳሙናውንም ሞክር።

ከሰል አቀጣጥዬ መኪናው ውስጥ ላስቀምጥ?

አይሞከርም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ማቆየትም ያው ነው። ከከሰልም ከጭስ ማውጫም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ይገድላል። መጀመሪያ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው የሚመጣው፤ ሰውዬው "ብርዱ ነው" ብሎ ያልፈዋል። በሩን ከፍታችሁ መኪናውን ወደ ውጭ አውጡና እዚያ አሙቁት።

ይህ ሁሉ እስከ መቼ ነው?

ጥር አልፎ የበልግ ደመና ብቅ ብቅ ሲል እየቀነሰ ይሄዳል። ደመናው ሌሊት ሌሊት ጋቢውን ያለብስላችኋል። ማዳበሪያውን እጠቡና አድርቃችሁ አስቀምጡት፤ ጥቅምት ሩቅ አይደለም።